ለጦጣ ክንድ የተሰፋችው መቀነት

ነጋዴ ነኝና ዋጋ ሳልናገር ዕቃ ማሳየት አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ያቺ መቀነት ያስወጣችኝን አስቀድሜ ልናገር። አቃቂ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት የቆመ አንድ ሱቅ ከነመደርደሪያው፤ ወጥቶ የተመለሰ አንድ የዕቁብ ዕጣ፤ ጨውና ቅቤ ያልጎበኘው የአንድ በጋና የአንድ ክረምት ምግብ፤ በዋግምት ከማጅራቴ የተቀዳ ደም፣ መጠኑን አልለካሁትም። ይህን ሁሉ የከፈልኩት ስፋቷ ከሦስት ጣት ለማይበልጥ፣ ከግራጫ ሸራ ለተሰፋች፣ ለሰው ላልተሠራች ጨርቅ ነው።

ሰሞኑን ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የጎማ ሽታ ነው። ጉልበቴን አሞኝ ልጄ ሳሪስ አቦ አጠገብ ካለ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ጉልበቱን ያመመውን ሰው ክንዱን መጠየቅ የዘመኑ ሕክምና ነው መሰለኝ፣ የልጅ ልጄን የምታክል ነርስ "አባባ፣ እጅጌዎን ከፍ ያድርጉልኝ" አለችና ሰፊ ጥቁር ጨርቅ ጠቀለለችብኝ። ዛሬ ሁሉም ነገር በባትሪ ነው፤ መሣሪያው ራሱ ይነፋል፣ ራሱ ያስተነፍሳል፣ ቁጥሩን ራሱ ያወጣል። ጎማው ግን ያው የጥንቱ ጎማ ነው። ሰው ገላ ላይ ሲሞቅ የዝናብ ካፖርት ኪስ ውስጥ የተረሳ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። ሽታው አፍንጫዬ እንደገባ ክንዴን ነጠቅኋት። ልጅቷ ደነገጠች፤ ያምዎታል ወይ አለችኝ። አያመኝም፣ ያስጠላኛል እንጂ አልኳት። ልጄ አፍራ ይቅርታ ጠየቀችልኝ። እኔ ግን እዚያች ጠባብ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ አቃቂ ገብቻለሁ፤ የዛሬዋ አቃቂ አይደለችም፣ የያኔዋ።

ያኔ አቃቂ ለብቻዋ ከተማ ነበረች። አዲስ አበባ ልሄድ ነው ያለ ሰው ጫማውን አስጠርጎ፣ ኮቱን ደርቦ፣ ለጎረቤት ተናግሮ ነበር የሚነሳው። ዛሬ ከሳሪስ እስከ አቃቂ ቤት ቤትን እየገፋ ተያይዞ፣ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚያውቀው የታክሲ ረዳት ብቻ ነው። ቃሊቲ ሲባልም ሰው ቶሎ የሚያስበው ማረሚያ ቤቱንና ስንቅ ይዘው የሚሰለፉትን ነው፤ እኔ ትዝ የሚለኝ የጭነት መኪና ጋራዥ፣ የተቃጠለ ዘይትና ከአስፋልቱ ማዶ የሚታጨድ የጤፍ ማሳ ነው። ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ከዚህ የበለጠ ዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ። ዋጋ ጠይቁኝ። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአምስት፣ ከባቡር ጣቢያው እስከ ፋብሪካው በር ጋሪ በስሙኒ፣ ያውም ባለጋሪው ጌታዬ እያለ። ፋብሪካው ሲያፏጭ ፈረቃ ይለወጣል፤ የሚወጡት ጥጥ ፀጉራቸው ላይ ተበትኖ፣ ሁሉም በአንድ ቀን የሸበቱ መስለው ይመጣሉ። እሑድ ዕለት እነዚያው ሰዎች በተርጋል ሱሪና በናይለን ሸሚዝ፣ ሴቶቹም ጉልበት ላይ በማይደርስ ጉርድ ሲወጡ አታውቋቸውም። ከድልድዩ አጠገብ ባለው ቡና ቤት ሳንቲም ሲጎርስ የሚዘፍን ሣጥን ነበረ፤ ባቡር ይዞባት ስለሄደው ሰው አንዲት ሴት የምታንጎራጉረውን ዘፈን ሰው እየተሻማ ያስደግም ነበር። ወንዙ ደግሞ እንደ ማቅለሚያ ቤቱ ነው፤ አንድ ቀን ቀይ፣ በማግስቱ ሰማያዊ። እኔ ወንዙን አይቼ በዚያ ሳምንት የምን ቀለም ጨርቅ ገበያ እንደሚወጣ አውቅና የዚያኑ ቀለም ክር ቀድሜ አስመጣ ነበር። ያንን የመሰለ ዐይን ይዤ ነው እንግዲህ በመቀነት የተሸነፍኩት።

የእኔ ኪዮስክ ከፋብሪካው ግንብ ጀርባ፣ መንገድ የሳተ ሰው ካልሆነ በማያልፍበት ጥግ ነበረች፤ ግድግዳዋም ቆርቆሮ፣ ጣራዋም ቆርቆሮ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የማዕዘን ሱቅ ግን የዓሊ ነበር፤ የመን ተወልዶ አቃቂ ያረጀ አረብ። የደመወዝ ቀን ከዚያ በር የሚወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የዓሊን ባለመስታወት የከረሜላ ዕቃ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ኪሱ ውስጥ የሚቀረው እጁ ብቻ ነው። እናም ዓሊ አገሩ ሊገባ ሆነ። ስንቱ ዋጋ ጨምሮ ሲለማመጠው እኔን አስጠርቶ፣ "ከድር፣ አንተ ሚዛን አትሰርቅም። አራት መቶ ብር አምጣ፣ ቁልፉን ውሰድ። ረመዳን ሳይገባ ግን መርከቤ ላይ ነኝ" አለኝ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ለሚስቴ ለዘይነባ ነገሩን የነገርኳት በሩን ዘግቼ ነው፤ ግድግዳው እንዳይሰማብኝ። እሷ ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች፤ እኔም ያ ልጅ መንገድ በሳቱ ሰዎች ገንዘብ እንዳያድግ እፈልጋለሁ። ከዚያ ሱቅ ሌላ ከዚያ ጥግ የምንወጣበት መንገድ አልነበረንም።

ብሩን የት ታገኛለህ ቢባል፣ ዕቁብ ነበረን። አርባ ሰው፣ በየእሑዱ ዐሥር ዐሥር ብር፣ በጋሽ ወልዴ ቤት። ጋሽ ወልዴ የበርበሬ ነጋዴና የዕቁቡ ዳኛ ነበሩ፤ ሲናገሩ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ስማችን ከሚቀመጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ዕጣ አንዴ ከወጣ በኋላ እግዚአብሔር ራሱ ቢለምናቸው የሚለውጡ አይመስሉም። እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያ ቤት አንድ ሃይማኖት ነበረው፤ ዋስ ይባላል። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከማንሳቱ በፊት ከዕቁብተኛው ሁለት ዋስ ያቆማል። ወስዶ ቢጠፋ፣ ቢከስር፣ ወይም ቢሞት፣ የቀረውን የሚጥሉለት ዋሶቹ ናቸው። የእኔ ዋሶች የታወቁ ነበሩ፤ አንዱ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ ሌላው ከስልጤ አንድ መንደር ወጥተን አንድ ላይ ሊስትሮ ሆነን ጫማ የጠረግነው ሸምሱ።

አሁን ወደ ጦጣዎቹ ልምጣ። ከድልድዩ አለፍ ብሎ በሽቦ የታጠረ ግቢ ነበር። ፈረንጆች የደም ግፊት መድኃኒት ይመረምሩበታል ይባላል፤ ሰዉ ግን ጦጣ ግቢ ነው የሚለው። ሙዝና ካሮት የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ። ጥሩ ከፋዮች ነበሩ፣ ይህን አልክድም። አንድ ቀን ሙዙን የሚረከበው ሰው ስላልነበረ ኬሻውን ተሸክሜ እስከ ውስጥ ዘለቅሁ፤ ባልዘለቅሁ። ክፍሉ ግማሹ ሆስፒታል ግማሹ በረት ይሸታል። ጦጣዎቹ በተርታ በእንጨት ወንበር ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው በሁለት ሳንቃ መካከል ገብቶ ጭንቅላታቸው ብቻ ከላይ፣ ትሪ ላይ የቀረበ ይመስላል። ክንዳቸው ላይ ግራጫ የሸራ መቀነት ታስሯል፤ በመቀነቷ ውስጥ የምትነፋ ጎማ አለች፤ ከጎማዋ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ግድግዳውን በስቶ ማዶ ክፍል ይገባል። ጦጣዋ ሰው ስታይ ግፊቷ ስለሚያሻቅብ መለኪያው ማዶ እንዲሆን ነው አሉ። እዚያ አንድ ሣጥን ቆሟል፤ ከሣጥኑ የወጣች ብዕር በሚንከባለል ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም ተራራና ገደል ስትሥል ትውላለች። በየመቀነቱ ላይ በነጭ ክር ቁጥር ተሰፍቷል፤ አንዳንዱን ጥርስ በልቶት ተጥፏል። እኔን ያስጠላኝ ግን ጥርሱም ወንበሩም አይደለም። ሠራተኛው መቀነት ይዞ ሲመጣ አንዲቷ ጦጣ ገና ሳይነካት ክንዷን ዘረጋችለት። ዘርግታ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። አንድ ሙዝ ተሰጣት፤ እኔ የሸጥኩት ሙዝ ነው። ሒሳቤን ተቀብዬ ስወጣ ቦኖው ጋ ቆሜ እጄን እንደ በሽተኛ አስታማሚ እስከ ክርኔ ታጠብኩ።

በዚያው ሰሞን ነው ድሬሰር ተካልኝ አቃቂ የመጣው። ድሬሰር ማለት ያኔ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ ከዶክተር በታች ከሰው በላይ የሆነ ሰው ነበር። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ገበያ ይወጣል፤ ሰው ዶክተር ሲለው አያርምም። ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየና የደም ብዛት በዘመናዊ መሣሪያ እንመረምራለን የሚል ቆርቆሮ ሰቀለ። መሣሪያው ሰዓት የመሰለ መለኪያ፣ የምትጨመቅ ጎማና ክንድ ላይ የምትታሰር መቀነት ነው። መቀነቷን ሚስቱ በአበባ ፍላኔል ሸፍናታለች፤ ለንጽሕና ነው ይላል። ሰዉ ሽልንግ፣ ማለት ሃምሳ ሳንቲም፣ እየከፈለ ተሰለፈለት። ፋብሪካው ውስጥ ክሊኒክ አልነበረም እንዳትሉ፣ ነበረ፣ ያውም በነጻ። ግን የክሊኒኩ ነርስ መለኪያ የሰዉን ሁሉ ግፊት ደህና ስላለ፣ ሠራተኛው ፈቃድ እንዳትሰጠን ብላ ነው፣ የጌቶቹ ወገን ናት ብሎ ጠርጥሯታል። ተካልኝ ግን ለሁሉም በሽታ ያገኛል። ሽልንግ ከፍሎ ደህና ነህ መባል የሚፈልግ ማን አለ? ሽልንግ የከፈለ ሰው የሽልንግ በሽታ ይዞ መውጣት ይፈልጋል። በሩ ላይ ሆኜ ሳይ ጫኙም ሸማኔውም ተራው ሲደርስ እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን ዘርግቶ ነው የሚገባው፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ። ይህን የት አይቼዋለሁ ብዬ ትንሽ ቆምኩ፤ ከዚያ ገበያተኛ ጠራኝና ተውኩት።

ተካልኝ ዕቁባችን ውስጥ ገብቶ ነበርና አንድ እሑድ ለወንድምነት ብሎ ሁላችንንም በነጻ ሊለካን መሣሪያውን ይዞ ጋሽ ወልዴ ቤት መጣ። እኔ በርበሬ ስገዛ የራሴን የኪሎ ድንጋይ በኪሴ ይዤ የምሄድ ሰው ነኝ፤ የሻጩን ሚዛን መጀመሪያ በእሱ እፈትናለሁ። የዚህን ሰው ሚዛን በምን ልፈትነው? ክንዴ በሸክም የደነደነ ነው። መቀነቷ ዙሪያውን ለመግጠም ተቸገረች፤ በስንት ጉተታ አሠራትና ጎማውን ይጨምቅ ጀመር። ጣቶቼ ጠቆሩ። ሁለት መቶ አለ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። ከዚያ ደግሞ በዝግታ፣ "ወንድሜ ከድር፣ በእግርህ መምጣትህ ራሱ ይገርመኛል" አለኝ። የእኔን ያህል አይሁን እንጂ ሌላውም ሰው ሁሉ ደም ብዛት ተገኘበት፤ ደህና የተባለው ክንዱ እንደ ሸንበቆ የቀጠነው ልብስ ሰፊው ብቻ ነበር። ለምን እሱ ብቻ ብሎ የጠየቀ የለም፤ የሚዛን ሰው ነኝ የምለው እኔም ጭምር።

ዘይነባ ግን አልተዋጠላትም። "ትናንት የስኳር ኩንታል ከጋሪ ላይ ብቻህን አውርደሃል። የሚሞት ሰው እንደዚያ ያወርዳል?" አለችኝ። ዶክተሩ ነው ያለው አልኳት። ዶክተሩ ኩንታል አውርዶ ያውቃል ወይ አለችና ጨውን ከወጡ አወጣች፤ ነገር ማመኗ አልነበረም፣ መበለት መሆንን መፍራቷ ነው። እንዲህ ሆኖ ምግብ የረጠበ ካርቶን ሆነብኝ። ተካልኝ ነጭ እንክብል ሸጠልኝ። ጎረቤት ደግሞ እንክብሉ አይበቃም፣ ደምህ ይቀነስ ብሎ ባለ ቀንድ ዋግምት አመጣብኝ፤ ማጅራቴ ተበጣ፣ ቀንዱ ተደፋበት፣ እኔም ከዚያ የተነሳ መደንገዝ ጀመርኩ። ስደነግዝ ይኸው ደም ብዛቱ ይሉኛል። ለአረፋ አገር ቤት ገባሁ። ቅቤም ጨውም የሌለበት ክትፎ ፊቴ ቀርቦ ሳየው የሚበላ ሳይሆን የተጎዳ ነገር መሰለኝ። እናቴ ያለ ቅቤ ስበላ አይታ ወደ ጓዳ ገባችና ልጄን ከተማ ጨረሰብኝ እያለች ስታለቅስ ሰማኋት። ከዕቃ ሁሉ የረከሰ ሸቀጥ ፍርሃት ነው፤ ተካልኝ ያንን በጅምላ ነበር የሚያወርደው።

አረፋው ግን በኋላ የመጣ ነው፤ ቀደም ብሎ የሆነውን ልናገር። ከዚያ ልኬት በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ቆርቆሮው ውስጥ ከተቱና የእኔን ስም አወጡ። ከድር ሲሉ ዘልዬ ልቆም ነበር፤ አትዝለል የተባልኩት ትዝ አለኝና ቀስ ብዬ ተነሳሁ። የዓሊ ቁልፍ በእጄ የገባ መሰለኝ። ጋሽ ወልዴ ዐይናቸውን ጨፍነው ዋስ አሉ። ልብስ ሰፊው ሳል ያዘው። ሸምሱ ጫማውን እያየ ነበር። እንደገና ዋስ አሉ። ሸምሱ ቀና ሳይል፣ "ጋሽ ወልዴ፣ ለከድር ነፍሴን እሰጣለሁ። ብሩ ግን የልጆቼ ነው" አለ።

ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ገብቶታል። ግፊቱ ሁለት መቶ የሆነ ሰው አራት መቶ ብር ተሸክሞ ሲወጣ በሩ ላይ ቢወድቅ የቀረውን የሚጥለው ሸምሱ ነው። ነጋዴ ነኝና እኔም በሱ ቦታ ብሆን ሒሳቡን አስበው ነበር፤ ጫማዬን እያየሁ ግን አልናገረውም። ሌላ ዋስ የሚሆነኝ ካለ ተብሎ ተጠየቀ። ሠላሳ ስምንት ሰው ጣራውን አየ። ዋስ ያላቆመ ዕጣው ይመለሳል፤ ደንብ ነው። ጋሽ ወልዴ ስሜን መልሰው ከተቱና ሌላ አወጡ፤ ተካልኝ ሆነ። እሱ ዋስ አላጣም፤ የልጆቹ ብር የነበረው ሸምሱ ቀድሞ ተነሳለት፣ ሐኪም አይሞትም ብሎ ነው መሰለኝ።

ዓሊ እስከ መጨረሻው ቀን ጠበቀኝ። አራት መቶ ብር ይዞ የመጣው ተካልኝ ነው። ዓሊ ሊሰናበተኝ ኪዮስኬ ድረስ መጥቶ፣ አዝናለሁ፣ መርከብ ግን አይጠብቅም አለኝና ሁለት እጄን ይዞ ቆየ፤ ደግ ሰው ነበር። በሳምንቱ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ከረሜላው ወርዶ የመርፌ ብልቃጥ ተደረደረ። ከበሩ የሚወጣው ሰው መጀመሪያ የሚያየው አሁን በሽታውን ሆነ።

ክረምቱ ገባ። እኔም እንደ ማንኛውም በሽተኛ በየወሩ ልለካ እሄዳለሁ፤ የእኔ ይሆን የነበረው መደርደሪያ ሥር ቁጭ ብዬ፣ የእኔ ይሆን የነበረው ጠረጴዛ ላይ ክንዴን አስደግፌ። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድ ሰንብቶ ሚስቱ ያጠበችው ፍላኔል አልደረቀም፤ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ያንጠባጥባል። መቀነቷ ያለ ልብስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ግራጫ ሸራ። በነጭ ክር የተሰፋ ሃያ ሦስት ቁጥር። ጠርዟ በጥርስ ተበልቶ የተጣፈ፣ ስፌቱ ውስጥ ደግሞ የሰው ያልሆነ ቡላ ፀጉር ተሰክቷል። ይህን እያየሁ ክንዴ የት እንዳለ ብፈልገው፣ ተዘርግቶ ነበር። ራሱ ነው የተዘረጋው። እጅጌውም ተጠቅልሎ።

በሩ ጋ ወጥቼ አስታወክሁ፤ ጨው የሌለውን ምግብ። አፌን ጠርጌ ስመለስ ስንት ወር አንቱ ያልኩትን ሰው አንተ ብዬ ጠየቅሁት፤ ይህቺን ከየት አመጣሃት። ከውጭ አገር የመጣች ዕቃ ናት አለ። ከድልድዩ ማዶ ናት፣ የለበሰቻትንም ጦጣ አውቃታለሁ፣ ሙዝ እኔ ነኝ የምሸጥላት አልኩት። ተካልኝ አልተቆጣም። ተነስቶ በሩን ገጠም አደረገና፣ "ቀስ በል እንጂ ከድር። ጎማ ጎማ ነው፣ አየርም አየር ነው። የጦጣ አየር የሚባል ነገር የለም" አለኝ። የግቢው ዘበኛ ያረጁትን አውጥቶ እንደሸጠለት፣ አዲሱ መቀነት ደግሞ የማይቀመስ ዋጋ እንዳለው፣ ማንንም እንዳልጎዳ ሲያስረዳኝ ድምፁ ያባብላል። የሚያሳዝነው መሣሪያውን ከልቡ ያምነው ነበር። ራሱንም በሷ እየለካ ያለ ጨው ይበላል።

በማግስቱ ሙዜን ይዤ ጦጣ ግቢ ገባሁና የግቢዋን ሐኪም ልያት አልኩ፤ ሴት ናት፣ ረጅም፣ አማርኛ ትሞክራለች። ነገሩን ስነግራት በመጀመሪያ አላመነችኝም። ኋላ አንዷን የጦጣ መቀነት አምጥታ ክንዴ ላይ በግድ አሠረችና ለካችኝ፤ ሁለት መቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከመሳቢያ ደግሞ ሰፊ የሰው መቀነት አወጣችና ለካችኝ፤ ደህና፣ እንደ ልጅ። ጠባብ መቀነት በወፍራም ክንድ ላይ ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚናገረው አለችኝ። ከዚያ ሳቀች። ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሌሎቹንም ጠርታ አሳቀቻቸው፤ እኔ እጅጌዬን እንደጠቀለልኩ መካከላቸው ቆሜያለሁ። ሳቁ ሲያልቅላት የጠየቀችኝ ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት ሰው ተበጣ አይደለም፤ ሰውየው የለካቸውን ሰዎች ልኬት ጽፎ ይዟል ወይ፣ ይሸጥልናል ወይ ነው። ዐይኗ እንደ ገበያተኛ ሲበራ አየሁት። ዕቁባችን ዘንድ መጥተሽ ይህንኑ በአፍሽ ተናገሪልኝ፣ ሱቄን አስመልሳለሁ አልኳት። ጎማው ከግቢ መውጣቱ ባይሰማ እንመርጣለን አለችና፣ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሙዙን እጥፍ እናደርግልሃለን" አለችኝ። ደንበኛ እንዲህ ሲለኝ ዕድሜዬን በሙሉ ደስ ብሎኝ ያውቃል። ያን ቀን ኬሻውን እዚያው ትቼ ወጣሁ፤ ሁለተኛም አልሄድኩ። ሌላ ሰው ሸጠላቸው፤ ጦጣዎቹ አልተራቡም።

እሑድ ደረሰና ጋሽ ወልዴ ቤት ተነስቼ ተናገርኩ። መቀነቷ ምን እንደሆነች፣ ማን ለብሷት እንደነበር፣ ለምን ልብስ ሰፊው ብቻ ደህና እንደተባለ፣ አንድ በአንድ። ስናገር ሰዉ ሁሉ ሳያውቀው የግራ ክንዱን ማሸት ጀመረ። አንዱ ወጥቶ ተፋ። ጋሽ ወልዴ ዐይናቸውን ገለጡ፤ ሲናገሩ ዐይናቸውን ገልጠው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እውነት ነው ወይ ብለው ተካልኝን ጠየቁት። መለኪያ መለኪያ ነው አለ፣ ወደ መሬት እያየ። እኔ የጠየቅሁት ቀላል ነው፤ ዕጣዬ የተመለሰው በሐሰት ሚዛን ነው፣ ሱቁን ይልቀቅልኝ፣ የእኔን ቀሪ ተራ እሱ ይውሰድ።

እኔ ፍርድ እያሰቡ መስሎኝ ነበር። እነሱ የሚያስቡት ግን ነገ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ የሚሰማውን ነው። ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ከድር ልጄ፣ ይህ ነገር ከዚህ ቤት ከወጣ አርባችንም ስማችን ጦጣ ነው። በርበሬ ልሸጥ ስቆም ሰው ሙዝ ይወረውርልኛል። ብሩንም ሰውየው ዋስ አቁሞ ነው ያነሳው፤ ዕቁብ ሁለት ጊዜ አይፈርድም" አሉ። እኔስ አልኳቸው። "አንተማ ጤነኛ ነህ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?" አሉኝና ዐይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። ሸምሱ መጥቶ አቀፈኝ፤ እንኳን ደስ አለህ አለኝ፣ ከልቡ ነው። ከዚያ ሁሉም በየሃይማኖቱ ማለ፤ ነገሩ ከዚያ ቤት እንዳይወጣ። የማሉት እየተጠየፉኝ ነበር፤ ክንዳቸው ላይ የነበረውን ፀጉር ያመጣሁት እኔ ይመስል። ተካልኝም አብሮ ማለ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ። ወር ሳይሞላ ግማሾቹ ተመልሰው ተካልኝ በር ላይ ተሰለፉ። አንዱን ጎተት አድርጌ፣ አንተ እዚያ ቤት አልነበርክም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ እንክብሉ ለምዶኛል፣ ሳልለካ ካደርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም አለኝ። እጅጌው ተጠቅልሎ ነበር። ተካልኝ በዚያ ማዕዘን ጸጉሩ እስኪሸብት ሠራ፤ ኋላ ላይ ሰፊ መቀነት ገዛ ይባላል፣ ያኔ ግን ደንበኞቹ መሣሪያህ ደከመ፣ በሽታዬን አያገኘውም ብለው ሸሹት አሉ። ጦጣ ግቢው ጃንሆይ ከወረዱ በኋላ ተዘግቶ መጋዘን ሆነ። የዓሊ ማዕዘን ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ ጫማ የሚሸጥ ወጣት ሙዚቃውን ለቆ ይውላል፣ ጥሩ ቦታ መሆኑን ያውቃል። እኔ መሐላዬን ጠብቄ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አልኩ። ከአርባው ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጦጣ የሚባል የቀረ ሰው የለም፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ዕጣዬ የወጣው በመጨረሻው እሑድ ነው፤ ቆርቆሮው ውስጥ ሌላ ስም አልነበረም። ዋስ አልተጠየቅሁም። በብሩ የኪዮስኳን ጣራ አስቀየርኩ፣ አንድ ኩንታል ስኳር ገዛሁ። ሠላሳ ብር ተረፈኝ።